የዳዊቱ የመጨረሻ ቅጠል

ከጉና ሥር
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለየምስራች፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ። ጆሮዬማ እንደምታውቂው ነው። ባለፈው ጎረቤቴ ማሬ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ «የምስራች ናት፣ ያናግሯት» ብትለኝ የሰማሁት ቀፎ ውስጥ የሚዞር የንብ ዓይነት ድምፅ ነበር። «እሺ፣ እሺ» ብዬ መለስኩልሽ። ምኑን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ ደብዳቤ በመጻፍሽ ደግ አደረግሽ፤ ማሬም ድንቿን ጭና ደብረ ታቦር ገበያ በወረደች ቁጥር ታመላልስልናለች።

በፌስታል ጠቅልለሽ የላክሽው ወረቀት ሳይረጥብ ደርሶኛል። የዳዊታችንን የመጨረሻ ቅጠል ይህን ያህል አሳድገሽ ስታትሚው ግን፣ ስዘረጋው የምርጫ ማስታወቂያ መሰለኝ። የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ለወረቀት አይሰስትም ማለት ነው።

ነገሩን እንደገባኝ ልድገመውና ከሳትኩ አርሚኝ። ታሪኩ የሚባል፣ ወገኖቹ አንበሳሜ ያሉ፣ ባጃጅ የሚጠግን ልጅ ሊያገባሽ ይፈልጋል፤ አንቺም ትፈልጊያለሽ። አባትሽ አስናቀ የልጁን ዘር ሲጠይቅ ግን «የእሸቴ ወገን ነው» ቢሉት ደነገጠ። አባታችን ሲሳይ ከዚሁ ቅጠል አንብቦ እንደነገረን ቅድመ አያታችን ይሻው የእሸቴ ልጅ ነው። እንዲያ ከሆነ አንቺና ታሪኩ ሰባት ቤት ያልሞላችሁ ዘመዳሞች ናችሁ፤ ቄስ አያጋባችሁም፣ አስናቀም አይመርቃችሁም። እሱ አስቸጋሪ እጅ ማንበብ ስለማይችል «ካሴ መሪጌታ ነው፤ እሱ ያንብበውና እሱ ያለው ይሁን» ብሎ ነገሩን እኔ ላይ ጣለው። ይኸው ነው አይደል?

እስከ ዛሬ ራስዎ ለምን አላነበቡትም ላልሽኝ፣ አባታችን ካነበበው ወዲህ ያን ቅጠል መግለጥ አልፈለግሁም። ምክንያቱ ይቆየን።

የጻፈው ሰው እጁ ክፉ ነው። ወይ ቸኩሏል፣ ወይ በርዶታል፣ ወይ ብዕሩ ተሰንጥቆበታል። ደግነቱ ከስሞቹ በላይ፣ ብዕሩን ሲሞክር ይመስላል፣ «አቡነ ዘበሰማያት»ን እስከ ግማሽ ጽፎታል። የማውቀውን ጸሎት እንዴት አድርጎ እንደጻፈው አይቼ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እቀዳቸዋለሁ። እጁን በዚያ ከለመድኩት በኋላ ነው ወደማላውቃቸው ስሞች የምወርደው። ጊዜ ይፈጃል፤ አትነዝንዢኝ።

«የማይነበብ ነው ብለው ይጻፉልኝ፤ የማይነበብ ነገር አይከለክልም» ያልሽበትን መስመር ደግሞ አላየሁትም። ዓይኔም እንደ ጆሮዬ ሊሆን ነው መሰለኝ። ያለውን አነብልሻለሁ፤ የሌለውን አላነብልሽም።

አጎትሽ
ካሴ ሲሳይ


ከደብረ ታቦር
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ ካሴ፤

ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። አባዬ ወገባቸውን ትንሽ አሟቸው ነበር፤ አሁን ተሽሏቸዋል።

ስላላዩት መስመር ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስጽፈውም እጄ ከብዶት ነበር። ለቅጣቴ መነጽር ልኬያለሁ። ባለሱቁ ለምን ዓይነት ሰው ነው ቢለኝ ለሚቆጣ ሰው ነው አልኩት፤ ይህንን መርጦ ሰጠኝ። ካልሆነዎ ለማሬ ይመልሱላት፣ ይቀይርልኛል።

ለምን ይህን ያህል እንደጨነቀኝ ልንገርዎ። ጅዳ እያለሁ የሰው ቤት ጠርጌ፣ የሰው ልጅ አሳድጌ፣ ማታ የምተኛው ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል ነበር። አገሬ ስገባ ከእንግዲህ በራሴ ቤት እኖራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሱቁን ከፈትኩ። ታሪኩ የጋራዡን ታፔላ ሊያሠራ መጣና በፊደሉ ቀለም ተጨቃጨቅን፤ እሱ ቢጫ ይላል፣ እኔ ቢጫ በፀሐይ አይነበብም እላለሁ። በመጨረሻ ቢጫውን ሠራሁለት፤ እውነትም አይነበብም፤ እሱም ይህን ሊነግረኝ ደግሞ መጣ። እንዲህ እያለ በየቀኑ የሚመጣበት ምክንያት አያጣም። ደግ ሰው ነው አጎቴ። ብዙ አያወራም፤ ሲያወራ ግን የሚሠራውን ነው የሚያወራው። እንደሱ ያለ ሰው ደግሜ አላገኝም።

ጊዜውም ጠቦናል። የታሪኩ አባት ነገሩ እስከ ጥምቀት ካልተቆረጠ ለልጄ ሌላ እፈልጋለሁ ብለዋል። አልፈርድባቸውም፤ ካህን ሳይቆርጠው የተንጠለጠለ ነገር ማንም አይወድም።

የልጁ ወገን በማን በኩል ነው ብለው በማሬ በኩል ላስጠየቁኝ፣ በአባቱ እናት በኩል ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ይባላሉ፤ በሕይወት አሉ፤ የእሸቴ ዘር እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል። ባለፈው እሑድ ታሪኩ አንበሳሜ ወስዶኝ ነበር። በረንዳ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ የአስናቀ፣ የሲሳይ ቤት ብላቸው እንዝርቱን አስቀመጡ። ቆይተው «ካሴ አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። አሉ፣ ደኅና ናቸው አልኳቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ይተዋወቃሉ እንዴ?

እጅዎን የምትስም
የምስራች


ከጉና ሥር
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየምስራች፤

መነጽሩ ልክ ሆነኝ። አድርጌው ብወጣ የማሬ ውሻ ጮኸብኝ፤ ጮኾ ከጠገበ በኋላ ግን ለመደኝ።

ገብሱ ደርሶ አጨዳ ላይ ነን። ዘንድሮ ውርጭ ቀድሞ ወርዶ የላይኛውን ማሳ መትቶታል፤ የታችኛው ግን ፍሬው ያማረ ነው። ድንቹ መካከለኛ ነው። ከበጎቹ አንዷ መንታ ወልዳ አንዱን አላጠባም ብላ ነበር፤ ሳር አሽተን፣ ጨው አልሰን፣ ለምነን ተቀበለችው። ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያው አንድ በኩል ነፋስ ገልብጦት ወጣቶቹ በዚህ ሳምንት ይመቱታል።

የቅጠሉን ጸሐፊ እጅ እየለመድኩት ነው። ዳዊቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጻፈ ሰው ነው፤ መስመሩ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲደርስ ይወርዳል። ስም መጨረሻ ላይ ሲደርስ ቀለሙ ያልቅበታል፤ ነክሮ አይመለስም፤ በደረቅ ብዕር ጭሮ ያልፈዋል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ማኅሌት ብቆም ሳይጣላኝ አይቀርም ነበር።

ንባቡን ገና አልጨረስኩም። የጠየቅሽኝ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ መመለስ ለሽማግሌ ይከብዳል። አባትሽን ወገቡን እንዲጠብቅ ንገሪው።

ካሴ


ከደብረ ታቦር
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ ካሴ፤

ጤና ይስጥልኝ። በጓ መንታ በመውለዷ ደስ ብሎኛል።

ስለ ገብሱ ጻፉልኝ፤ ስለ ድንቹ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ማሬ ውሻ ጻፉልኝ። ስለ እኔ የጻፉልኝ ግን አንዲት መስመር ናት፤ እሷም «ገና አልጨረስኩም» ትላለች። እርስዎ እኮ ዚቁን ሳያዩ የሚያነበንቡ፣ ድጓ ያስተማሩ ሰው ነዎት። የዚህን የአንድ ገጽ ስም ለማንበብ ወር አይፈጅብዎትም። ማሬን እንዴት ናቸው ብላት «ወረቀቱን ከመሶቡ ላይ ጥለውት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ» አለችኝ።

አንብበውታል አይደል? ክፉ ከሆነም ክፉውን ይንገሩኝ። ጅዳ ሳለሁ እናቴ ስትሞት «ታማለች፣ ትንሽ ታማለች» እያሉ ነው ያቆዩኝ። ሁሉም ሰው ለእኔ ብሎ ነው የደበቀኝ። እርስዎ አይደብቁኝ። ከእርስዎ ይህን አልጠብቅም።

የምስራች


ከጉና ሥር
ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምስራች፤

ልክ ነሽ። ይቅር በይኝ። ከተነበበ ቆይቷል፤ የምጽፍበት ድፍረት ነው የጠፋኝ።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። ቅጠሉ ላይ አሥራ ሁለት ስሞች አንዱ ከአንዱ ሥር ተጽፈዋል። እንደ ልማዱ ሁሉም የክርስትና ስሞች ናቸው። ከታች ሁለተኛው ክንፈ ሚካኤል ነው፤ ይህ የእሸቴ የክርስትና ስም መሆኑን አንበሳሜዎችም ያውቃሉ። ከእሱ ሥር፣ የመጨረሻው፣ ወልደ ገብርኤል ነው፤ አባታችን የይሻውን ተዝካር ሲያወጣ በዚህ ስም ነበር የሚያስጠራው። በየስሞቹ ጎን ደግሞ ትንንሽ ጭረቶች አሉ፤ አባታችን የልጆቻቸው ቁጥር ነው ይል ነበር። አንድ ሰው ከዳዊቱ ጀርባ ስም ከስም ሥር ከጻፈ ትውልድ መቁጠሩ ነው፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ክንፈ ሚካኤል አባት፣ ወልደ ገብርኤል ልጅ። አገላብጬ፣ በፀሐይም በጥላም አይቼ፣ ያገኘሁት አባታችን ያለውን ነው። ከዚያ ወደ አንቺና ወደ ታሪኩ ስቆጥር ሰባት አይሞላም።

አዝናለሁ የምስራች። ይህን መጻፍ እንዳልፈለግሁ እወቂልኝ።

ያልተነበቡ ሁለት ነገሮች አሉ። ከስሞቹ ራስ ላይ የአንድ መስመር ያህል ባዶ ቦታ አለ፤ ባዶ ግን አይመስለኝም። በቀይ ቀለም ተጽፎ ቀዩ የደበዘዘ ይመስላል። ከይሻው ስም ጎን ደግሞ ጉንዳን የሄደችበት የሚመስል ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ አባታችን ብዕር ሙከራ ነው ብሎ አልፎታል። በማሽንሽ ቀዩን ማስወጣት የሚቻል ከሆነ ሞክሪ፤ ደቃቁንም ለብቻው አሳድጊልኝ። ተስፋ እንድታደርጊ ብዬ አይደለም። ያላነበብኩትን አነበብኩ ማለት ስለማልችል ነው።

አጎትሽ
ካሴ


ከደብረ ታቦር
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

ደብዳቤዎን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ ሰው ፊቴ ቆሞ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ኮፒ አደረግሁለት። ሰውየው አዝኖልኝ ይሁን ፈርቶኝ የተገለበጠውን ይዞ ሄደ። ምን ልደብቅዎ፣ ከዚያ ዘግቼ አለቀስኩ።

ታሪኩ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርም፣ ቄስ ባያጋባን እግዚአብሔር ያየናል ይላል። እንቢ አልኩት። ፈርቼ አይደለም። አባዬ ሳይመርቁኝ፣ በየድግሱ ሰው እየተንሾካሾከብኝ የምኖርበት ቤት ያው የሰው ቤት ነው የሚሆንብኝ። እሱም ገብቶታል፤ ግን ሦስት ቀን ሱቅ አልመጣም።

አባዬ ስለ እርስዎና ስለ እማማ ዓለሚቱ ነገሩኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ በሬ ተገዝቶ፣ አያቴ ሲሳይ ይህንኑ ቅጠል አውጥተው አንብበው ሁሉም ነገር ቀረ አሉኝ። አንቱም ያጧቸው በዚሁ ወረቀት ነው እንግዲህ። ይህን ሁሉ እያወቁ ነው ፊደሉን አንድ በአንድ የቀዱልኝ? አይነበብም ይበሉኝ ብዬ በመጻፌ አሁን በጣም አፈርኩ። ያን ቃል ማለት ለእርስዎ ከእኔ ይልቅ የቀለለ ነበር፤ ግን አላሉትም።

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አድርጌ ቀለሙን ገለበጥኩት። ባዶ የመሰለው ቦታ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ እውነትም ቀይ ነበር። ፊደል መሆኑ ይታየኛል፤ ምን እንደሚል ግን አላወቅሁም። ደቃቁንም እንዳሉኝ ለብቻው አሳድጌ ልኬዋለሁ። ለእኔ ብለው ሳይሆን ለራስዎ ብለው ይዩት።

የምስራች


ከጉና ሥር
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምስራች፤

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ደንበኛ ካለም አስወጪው።

ቀዩ መስመር እንዲህ ይላል፦ «የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ተራ ይህ ነው።»

ትውልድ አይደለም የምስራች። ማኅበር ነው። ከዳዊታችን ጀርባ የተጻፈው በየወሩ በሚካኤል ቀን ጽዋው በየተራ የሚደርሳቸው ማኅበርተኞች ስም ነው። አሥራ ሁለት መሆናቸው ለአሥራ ሁለቱ ወር ነው። ጭረቶቹም የልጆች ቁጥር አይደሉም፤ አንድ ማኅበርተኛ ተራው ደርሶ በደገሰ ቁጥር የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ የሚጭርለት ምልክት ነው። እኔም እኮ ሙሴ ሆኜ ይህንኑ ደብተር ላይ ስጭር ኖሬያለሁ! አባታችን ትውልድ ነው ስላለኝ ትውልድ አድርጌ አየሁት።

ቀዩን ብቻ ይዤ አልቸኮልኩም። የወደድሽውን ስታነቢ ዓይን ያታልላል። ሁለት ቀን ደቃቁን ጽሑፍ ከ«አቡነ ዘበሰማያት» ፊደሎች ጋር ሳስተያይ ዋልኩ። ከይሻው ስም ጎን የተጻፈው ይኸውልሽ፦ «ጠላው ቀጠነ። ግድ የለም።»

ትውልድ የሚቆጥር ሰው ስለ ጠላ አይጽፍም። ስቄ ስቄ ማሬ አበዱ ብላ መጣች።

ይሻው በክፉው ቀን ከወዴት እንደመጣ ሳይታወቅ፣ ወላጆቹ አልቀውበት፣ ብቻውን እዚህ አገር የገባ ልጅ እንደነበር ከአባታችን ሰምተናል። የእሱ ስም በጠቆረ ቀለም፣ ከሌሎቹ በኋላ ነው የተጨመረው። ጎጆ ወጥቶ የመጀመሪያ ተራው ሲደርስ ገብስ ከየት ያመጣል? ጠላው ቀጠነ። ሆኖም ከስሙ ጎን ጭረቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ነው። ማኅበርተኞቹ ደግመው ደግመው ቤቱ ሄደዋል።

አባታችን ክፋት አልነበረበትም። ርስት በዘር ቆጠራ በሚገኝበት ዘመን አያቱ ይሻው አባት አልነበረውም፤ ዕድሜውን ሙሉ አባት ሲፈልግለት ኖረና እዚያ ቅጠል ላይ አገኘሁ አለ። ከእኔ ሠርግና ከአያቱ አባት አንዱን ምረጥ የተባለ አልመሰለውም፤ እውነት ነው ብሎ ነው ያነበበው። እኔ ግን ተናድጃለሁ የምስራች። በማን እንደተናደድኩ ፈልጌ አላገኘሁም እንጂ በጣም ተናድጃለሁ። ሰላማዊትን፣ ነፍሷን ይማርና፣ በማግባቴ የተጸጸትኩበት ቀን የለም፤ ጥሩ ኖረን ጥሩ ተለያየን። ቢሆንም ይህ ሌላ ነው።

ንባቡን በሌላ ወረቀት በንጹሕ ገልብጬ፣ የትኛው ፊደል ከየት እንደታወቀ ጽፌ አያይዤዋለሁ። ለአስናቀ ስጪው። ነፍስ አባታችሁም ከቅጠሉ ጋር ያስተያዩት፤ በእኔ ቃል ብቻ እንዳይሄዱ። ለወይዘሮ ዓለሚቱ ግን ምንም አትንገሪ። በሰላም ለተቀመጠች ሴት በስተርጅና ምን ያደርግላታል።

አጎትሽ
ካሴ


ከደብረ ታቦር
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ ካሴ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ደብዳቤዎ የደረሰኝ በገና ዋዜማ ነው። እንዳሉኝ ተቀምጬ አነበብኩት። ከዚያ ተነሥቼ ሱቁን ሳልዘጋ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ታሪኩ እጄ ግራሶ ነው፣ እጄ ግራሶ ነው እያለ አቀፈኝ፤ የነጠላዬ እድፍ እስከ ዛሬ አለቀቀም፤ እኔም አላጠብኩትም።

አባዬን ግን እንዳሰብኩት አላገኘኋቸውም። ንባቡን ደጋግመው አዩና ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ «እንግዲህ ይሻው የማን ልጅ ሊሆን ነው?» አሉኝ። ለእኔ ደስታ የሆነው ለእሳቸው ሐዘን ሆነባቸው። ሁለት ቀን ያቀረብኩላቸውን ምግብ ፊታቸውን አዙረው በሉ። ልጄን ልስጥ ብዬ አባቴን ሐሰተኛ ላድርግ እንዴ ብለው ለጎረቤት ሲናገሩም ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ሳልጠይቃቸው ዳዊቱን ከሳጥኑ አውጥተው፣ ነፍስ አባታችንንና የታሪኩን አባት አስጠሩ።

እማማ ዓለሚቱ ሳይጠሩ ከልጃቸው ጋር በሚኒባስ መጡ። አትንገሪ ብለውኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከቤታችን ላስወጣቸው አልችልም ነበር፤ ደግሞም ልክ አልመሰለኝም።

ነፍስ አባታችን እርስዎ የጻፉትን ከቅጠሉ ጋር መስመር በመስመር እያስተያዩ ጮክ ብለው አነበቡ። ትክክል ነው አሉ። «ጠላው ቀጠነ» ላይ ሲደርሱ የታሪኩ አባት ሳቁ። እማማ ዓለሚቱ አልሳቁም። ያችን ቦታ እንደገና አስነበቧት። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ቆዩ። ሲገልጡት ዓይናቸው ቀልቷል።

«ለጠላ ተራ ነው እንግዲህ» አሉ።

አባዬ ተነሥተው የእማማ ዓለሚቱን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ እሳቸው ትከሻቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው። ሲሳይ አባት ፈልጎ ነው፣ አልፈርድበትም አሏቸው። የእነዚህ ልጆች ግን ይብቃ አሉ። ከዚያ አባዬ ደጅ የቆመውን ታሪኩን በስሙ ጠሩት፤ እስከዚያ ቀን «ያ ልጅ» ነበር የሚሉት። ጠርተው ከጎኔ አስቀመጡትና ሁለታችንን መረቁን። ሽማግሌዎቹ ለደንቡ ከጥምቀት በኋላ ይመጣሉ፤ ሠርጉ ጾሙ ሳይገባ ነው።

እማማ ዓለሚቱ ሲወጡ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ለካሴ ጻፊለት አሉኝ። አጎቴ፣ «ካሴ አሉ?» ብለው የጠየቁኝ ሴትዮ አሁን እንደ እኩያቸው ነው የሚጠሩዎት። መልእክታቸውን በቃላቸው ልጻፈው፦ «የቅልቅሉን ጠላ የምጠምቀው እኔ ነኝ። የይሻው ዘር ወፍራም ጠላ ምን እንደሚመስል ወርዶ ይቅመስ በይው።»

ይወርዳሉ?

የምስራችዎ


ከጉና ሥር
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምስራች፤

ማሬ ድንቿን ጭና ደጅ ቆማ እየጠበቀችኝ ስለሆነ አሳጥራለሁ።

ለአስናቀ ይህን ንገሪልኝ። ይሻው የማን ልጅ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ከእንግዲህ የሚያውቅም አይገኝም። ማኅበር ሲገባ ግን ዋስ የሆነው ሰው ማን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኛል። አዲስ ማኅበርተኛ ካስገባው ሰው ሥር ነው የሚጻፈው፤ የእኛም ማኅበር እንዲሁ ያደርጋል። ከይሻው በላይ ያለው እሸቴ ነው። ለወላጅ አልባ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አስናቀ አይዘን።

ዳዊቱን አስደጉሱት። ያ ቅጠል እንዳይወድቅ።

እወርዳለሁ። እስከ መኪናው መንገድ የማሬን በቅሎ ተውሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ታሪኩ በባጃጁ ይቀበለኝ፤ ሲነዳ ግን ቀስ ይበል።

አንድ ነገር ሲያሳስበኝ ሰነበተ። እኔ አልሰማም፤ ዓለሚቱ አትጽፍም። ይህን ሁሉ ዘመን ቆይተን ፊት ለፊት ብንቀመጥ ምን እንባባላለን ብዬ ስጨነቅ ነበር። አሁን ግን ተውኩት። የቀዳችልኝን ዋንጫ አንድ ጠብታ ሳላስቀር ጠጥቼ ባዶውን በእጇ እሰጣታለሁ። ያን ማንበብ አያቅታትም።

አጎትሽ
ካሴ